ዝርዝሩ ሲያልቅ የቀረው ኮት

በአክስቴ አጥር ላይ ለተሰቀለው ኮት ሰላምታ ከሰጡ ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ያውም ሁለት ጊዜ። ከዳባት የመኪና መንገድ ወርጄ ወደ ገደሉ አፋፍ በሚወስደው የእግር መንገድ ስሄድ ጉሙ ከቆላው እየተግተለተለ ወጥቶ መንደሩን ሸፍኖት ነበር። አጥሩ አጠገብ አንድ ሰው ቆሟል። ትከሻው ሰፊ፣ እጆቹ ወደ ታች የተንጠለጠሉ፣ ወደ መንገዱ ዞሮ የሚመጣውን የሚጠብቅ ሰው። «እንዴት ዋሉ» አልኩት። ዝም አለኝ። እኔ ደግሞ ዝም የሚለኝ ሰው አልወድም፤ ማስተማሩ ያስለመደኝ ይሆናል። ድምፄን ከፍ አድርጌ «እንዴት ዋሉ እኮ ነው የምለው!» ስል ነፋስ መጣና አንዱን እጅጌ አነሳው። ውስጡ እጅ አልነበረም።

በራሴ ሳቅሁ። ጠጋ ስል ግን ኮቱን አወቅሁትና ሳቄን አቆምሁ። ቡኒ ኮት ነው። ክርኑ በጥቁር ጨርቅ ተጥፏል፤ ከአዝራሮቹም አንዱ ብቻ ቀይ ነው። ለባሹ ከሞተ ወር አልፎታል። አክስቴ ሁለት እንጨት አጋጥመው፣ ትከሻ ሰጥተው አቁመውታል። አሁን ታጥቦ ከጫፉ ውኃ ይንጠባጠባል።

«ግቢ እንጂ፣ ምን አጥር ስር ትለፈልፊያለሽ?» አሉኝ አክስቴ ከደጅ ብቅ ብለው።

«እትዬ፣ ይኼን ኮት ለምን ሰቀሉት? ሰው መስሎኝ ሰላም አልኩት እኮ።»

«ታዲያ ምን ክፉ ነገር አለው? ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ሰላም ብሎት ነው የሚያልፍ። ያኔ በሕይወት ሳለ እንዲህ ሰላም የሚለው አልነበረም» አሉና ገቡ።

ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር ኮቱ እርጥብ ነበር። ዝናብ በጠፋበት በጥር፣ መሬቱ በተሰነጣጠቀበት በመጋቢት፣ አጥሩ ላይ ቆሞ ይንጠባጠባል። አክስቴ ውኃ የሚቀዱት ግማሽ ሰዓት ተጉዘው ነው። ጉልበታቸው አይታዘዝም። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን ኮት ያጥቡታል። ለምን ብዬ ስጠይቅ «አቧራ ይይዘዋል» ይሉኛል፣ ሌላ ቃል የለም። እኔም እዚያ ቤት ስገባ ጀርባዬን ለአጥሩ ሰጥቼ መቀመጥ ለመድሁ። የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ትምህርት የተማርሁ ሴት ነኝ፣ ግን እውነቱን ለመናገር ያየኝ ነበር።

የኮቱ ባለቤት አጫጅ ነው። ከዛሪማ ማዶ፣ ከቆላው፣ በየዓመቱ ገብስ ሲደርስ ይመጣና አክስቴ ቤት ያርፋል። አማርኛው ትግርኛ ትግርኛ ይላል። ደግ ሰው ነበር ብዬ ላሳምረው አልችልም። ነገረኛ ነበር። ማጭዱን የነካበትን ሰው ቀኑን ሙሉ ሲነዘንዘው ይውላል። ከአክስቴ ባል ጋር ደግሞ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ጠብ ነበራቸው። «ዝቅ አድርገህ እጨድ እንጂ! ገለባውን ሁሉ መሬት ላይ ተውከው፤ ከብቶቼ ምን ይብሉ?» ይላሉ አጎቴ። «የኔ ወገብስ ምን ይሁን?» ይላል እሱ። ተኮራርፈው ይውሉና ማታ ከአንድ ገበታ ይበላሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ይኼንን ጠብ ሳልሰማ ያለፈ የገብስ ወቅት አላስታውስም።

ጦርነቱ ወደ እኛ የመጣው ገብሱ ሊደርስ ሲል ነው፤ አጫጁ ቀደም ብሎ መጥቶ አክስቴ ቤት ነበር። ከማዶ የመጡ የታጠቁ ሰዎች መንደሩን ይዘው ቀናት ቆዩ። ሲወጡ በየቤቱና በየማሳው ሬሳ ቀረ። አጎቴ የተገኙት በገዛ ማሳቸው ዳር ነበር። ሞት እንደ ወጉ አልተለቀሰም። የተረፈው ሰው እየፈራ፣ ጉድጓድ ሳያበዛ፣ ብዙውን ባንድ ላይ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቀበረና ተበተነ። እኔ ደባርቅ ነበርሁ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት በተፈናቃይ ተሞልቶ፣ ጥቁር ሰሌዳው ስር ሰው ተኝቶ፣ ወሬውን የሰማሁት ከዚያ ነው። የአጎቴን መርዶ የነገረችኝ የመንደራችን ሴት ሌላም ነገር ነገረችኝ። አክስቴ ተርፈዋል፣ አጫጁም ተርፏል።

እሱ ለምን ተረፈ? ይኼ ነው በአእምሮዬ የመጣው። አጎቴ ሞተው እሱ ለምን?

በዚያው ቀን የቀድሞ ተማሪዬ ጠመንጃ አንግቶ ግቢው ውስጥ አገኘኝ። ከጓደኞቹ ጋር ወደ መንደራችን ሊወርዱ ነው። እንደ ድሮው አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አለኝ።

«ቲቸር፣ እናንተ መንደር ከማዶ የመጣ ሰው አለ ይባላል። እውነት ነው?»

«አክስቴ ቤት አንድ አጫጅ አለ» አልኩት።

«ሰላይ ይሆን እንዴ?»

«ማን ያውቃል» አልኩ።

ማን ያውቃል! እኔ አውቅ ነበራ። ሰውዬው ስለ ገለባ ከመጨቃጨቅ በቀር በዚህ ዓለም ሌላ ጉዳይ እንደሌለው ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ልቤ ነዶ ነበር፤ እሱም እንዲነድ ፈለግሁ። ከሁለት ቀን በኋላ አጫጁ ከአክስቴ በረት ጀርባ ተገድሎ ተገኘ። ወሬው ደባርቅ ሲደርስ «ሰላይ ተገደለ» የሚል ነበር። እኔም ምንም ሳልናገር ሻዬን ጠጣሁ።

በኋላ ነገሩ ሲረጋጋ ለሥነ ዜጋ አስተማሪዎች ሥልጠና ተሰጠ። ርዕሱ ዘር ማጥፋት ነው፤ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚጀምር፣ ልጆች እንዳይደግሙት እንዴት እንደሚማሩ። አሠልጣኙ በሩዋንዳ ሰዎች የተፈጁበትን አንድ ቤተ ክርስቲያን ፎቶ አሳየን። የሟቾቹ ልብስ አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ተከምሯል። ጃኬት፣ ቀሚስ፣ የሕፃን ሹራብ። «ጥይቱ የመጨረሻው ነው» አለ አሠልጣኙ፤ «ከዚያ በፊት ወሬ አለ፣ ጥርጣሬ አለ፣ አንድ ሰው ጎረቤቱን እነሱ ብሎ የሚጠራበት ቀን አለ።» ሁሉንም በሚያምር እጅ ጽሑፍ ገለበጥሁ። ክፍል ገብቼም አስተማርሁት። ጥሩ አድርጌ አስተማርሁት፤ ልጆቹ አለቀሱ። ያኔ ወደ መምህራን ማረፊያ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ለረጅም ጊዜ ግድግዳውን አየሁ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ የመንደሩ ሰዎች ኮሚቴ አቋቋሙ። ጽሑፌ ያምራል ተብሎ ጸሐፊ ሆንሁ። እኔም ያንን ፎቶ ነገርኋቸው። ሰብሳቢው አዛውንት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኼማ የኛም ወግ ነው። በሀገራችን ሬሳው የራቀ ሰው በልብሱ ይለቀሳል። የኛ ሙታን ሬሳቸው እዚሁ ሆኖ ሳይለቀሱ ቀርተዋል። በሙት ዓመታቸው ልብሳቸውን እናውጣ» አሉ። ተስማማን። በአውድማው ላይ እንጨት ይተከላል፤ እያንዳንዱ ቤት የሟቹን ልብስ አልብሶ ያቆማል። እኔ ከዝርዝሩ ስም እጠራለሁ፤ የት እንደወደቀ፣ እንዴት እንደሞተ ባጭሩ እናገራለሁ። ያን ጊዜ ዘመዱ ልብሱን ያነሳል፣ ሰውም ያለቅሳል። ተማሪዎቼም መጥተው የሰሙትን ይጽፋሉ። ስሙ ያልተጠራ ሟች የለም እንዲባል ሦስት ጊዜ አጣራሁ። ዳባት ገበያ ጨርቅ ይሸጥ የነበረው እስላም ነጋዴ፣ በእንግድነት መጥቶ እዚህ የሞተው፣ በዝርዝሩ አለ፤ ሚስቱ ኮፍያውንና ጋቢውን ልታመጣ ነው።

በመጨረሻው ስብሰባ አክስቴ ኮቱን አጥፈው ታቅፈው መጡ።

«ይኼንንም ጻፉልኝ» አሉ።

ሰብሳቢው ኮቱን አዩና ፊታቸውን አዞሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ በጦርነቱ ሰሞን ሴት ልጃቸውን በገዛ እጃቸው ቀብረዋል። «ልጄን ስቀብር እነዚያ ገና አልወጡም፤ በሱ ቋንቋ እያወሩ ሲስቁ እየሰማሁ ነው የቀበርኩ» አሉ። «አሁን የሱን ልብስ ከሷ ቀሚስ ጎን አቁሜ ላልቅስ? አይሆንልኝም።» ከዚያ ድምፃቸውን አለሰለሱ። «ለመሆኑ ያን ቀን አድኖዎት ነበር? ሸሽጎዎት ከነበረ ይነገረን። እሱ ከሆነ ሌላ ነው።»

«አላዳነኝም» አሉ አክስቴ። «ምን ብሎ ያድነኝ? ከኔ እኩል ነው የፈራ። ጭድ ውስጥ ገብተን እሱ ከኔ በላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰው ለመባል የግድ እኔን ማዳን ነበረበት?»

አክስቴ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ጸሐፊዋ፣ ምን ትያለሽ?»

እኔም «ኮሚቴው የወሰነውን ነው የምጽፍ» አልኩ። ጻፍሁትም፦ ኮቱ እንዳይቆም ተወሰነ። ፊርማዬንም አኖርሁ።

ስወጣ የኮሚቴው አባል የሆኑት የመንደሩ ቄስ በር ላይ ጠበቁኝ። ስብሰባው ላይ አንዲት ቃል አልተነፈሱም ነበር። «ስሚ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «ያንን ሰው ከአክስትሽ ጋር ሆኜ የቀበርሁት እኔ ነኝ። በክርስትና ስሙ ዓመቱን ሙሉ በጸሎት ሳነሳው ኖሬያለሁ። ከሌሎቹ መሐል ደባልቄ ነው የምጠራው፤ በክርስትና ስም የማን ሟች እንደሆነ ማን ይለያል? የሚጠላውም ሁሉ እግዚኦ እያለ ሲጸልይለት ነበር።»

«ታዲያ አባ፣ ለምን እዚያ ውስጥ አልተናገሩም?»

«ፈራሁ» አሉ። ምንም ሳያሳምሩ ነው ያሉት። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ። ቄስ እንደዚያ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም ነበርና ቀናሁባቸው።

የሙት ዓመቱ ዕለት ተማሪዎቼን በሁለት ሚኒባስ ጭኜ ከደባርቅ ተነሣን። ከመንገዱ ወርደን በእግር ስንሄድ ጉሙ እንደገና መጣ። አውድማው አይታይም፤ ድምፅ ብቻ ይሰማል፣ የብዙ ጨርቅ መርገብገብ። ልጆቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ጥቂት እርምጃ እንደተጠጋን ከጉሙ ውስጥ ሰዎች ታዩን። በግማሽ ክብ ቆመዋል። ራስ የላቸውም። ነጠላ ያጣፉ፣ ካኪ ሱሪ የታጠቁ፣ የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሱ። ከተማሪዎቼ አንዷ እጄን ያዘች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ በክፍል ውስጥ ማንንም የማትፈራ ልጅ ናት፤ ጣቶቿ በረዶ ሆነዋል። «ልብስ ነው» አልኳት። «አውቃለሁ ቲቸር» አለችኝ፤ ግን እጄን አልለቀቀችም።

የመንደሩ ሰው ከልብሶቹ ጀርባ ተቀምጧል። ቄሶቹ ፍትሐቱን ጨረሱ። እኔ መሐል ቆሜ መጥራት ጀመርሁ። አንድ ስም ስጠራ፣ «በደጁ ላይ፣ በሩን ሊዘጋ ሲል» እላለሁ። አንዲት ሴት ተነሥታ ሸሚዙን ታቅፋ ትወድቃለች፣ ልቅሶውም ከገደሉ እየተመለሰ ሁለት ጊዜ ይሰማል። ቀጥሎ ሌላ። «በማሳው ውስጥ፣ ከልጁ ጋር።» የሰብሳቢው ልጅ ስም ሲደርስ አባቷ ቀሚሷን ራሳቸው አነሡ፤ እንደ ሕፃን ትከሻቸው ላይ አደረጉት፣ ድምፅም አላወጡም። የነጋዴው ሚስት ኮፍያውን ስታነሳ የመንደሩ ሴቶች ከበው አለቀሱላት። አጎቴን ስጠራ አክስቴ የባላቸውን ጋቢ አነሡና ተመልሰው ተቀመጡ። ከእያንዳንዱ ስም በኋላ አንድ ባዶ እንጨት ይቀራል። ጉሙ እየሳሳ ሄደ።

የመጨረሻውን ስም ጠርቼ ወረቀቱን አጠፍሁ። ቀና ስል፣ ከግማሽ ክቡ ጫፍ፣ ጉሙ አሁን በገለጠው ቦታ፣ ቡኒው ኮት ቆሞ ነበር።

መቼ እንደቆመ አላየሁም። ሰውም ያየው ከእኔ እኩል ነው፤ ልቅሶው በአንዴ ቀጥ አለ። ሁሉም እንጨት ባዶ ነው፤ እሱ ብቻ ለብሶ፣ ትከሻውን አስፍቶ፣ ወደኔ ዞሮ ቆሟል። ሰብሳቢው «ንግግሩ ይቀጥል» ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ቀጥሎ የምናገረው ንግግር ኪሴ ውስጥ ነበር፤ «ከቃላት ይጀምራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ያለበት።

ያቺ ተማሪ ደብተሯን ከፍታ ብዕሯን ይዛ ጠበቀች፣ ከዚያም «ቲቸር» አለች፤ «ይኼ የማነው? እንዴት ሞተ ብዬ ልጻፍ?»

አላጠመደችኝም። የታዘዘችውን እየሠራች ነው። ለእያንዳንዱ ልብስ ማን እንደነበረ፣ እንዴት እንደሞተ ጻፉ ብዬ ያዘዝኋት እኔ ነኝ። ሰብሳቢውን አየሁ፣ ቄሱን አየሁ፣ አክስቴን አየሁ። አክስቴ መሬቱን ያያሉ።

ስሙን ጠራሁ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። «ከዛሪማ ማዶ የመጣ አጫጅ ነው» አልኩ። «ከበረት ጀርባ ተገደለ። የገደሉት እነዚያ አይደሉም። እነሱ ከሄዱ በኋላ የኛ ልጆች ናቸው የገደሉት። የት እንዳለ የነገርኋቸው እኔ ነኝ። ሰላይ ነው ወይ ሲሉኝ፣ እንዳልሆነ እያወቅሁ፣ ማን ያውቃል አልኩ።»

የተማሪዎቼ ብዕር ሲሄድ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ቆመ። የመጀመሪያው ሰው ተነሥቶ ሄደ፤ ሁለት ሦስት ሰዎችም ተከተሉት። አንዲት ሴት «ዛሬ ምነው በኛ ለቅሶ!» ብላ ጮኸችብኝ፤ እውነቷን ነው። ሰብሳቢው የልጃቸውን ቀሚስ እንዳቀፉ ነበሩ። አልሄዱም፣ ግን አላዩኝም። እኔ ማልቀስ ፈልጌ እንባዬ እምቢ አለ።

አክስቴ ተነሡ። ምርኩዛቸውን እየተደገፉ በዚያ ሁሉ ባዶ እንጨት መሐል መጡና አጠገቤ ቆሙ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስሁ እትዬ።»

«አንቺ መሆንሽን አውቄ ነበር» አሉኝ። የሚናገሩት ለእኔ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ጸጥታው ሁሉም እንዲሰማ አደረገው። «ያን ቀን ልጆቹ ሲመጡ በሩን ቆልፌ ተቀምጬ ነበር። ሰው ሲያንኳኳ አልከፍትም ብዬ ምዬ ነበር። ቲቸር ናት የላከችን አሉኝ፤ ስምሽን ጠሩልኝ። ስምሽን ስሰማ ጊዜ የኔው ሰዎች ናቸው ብዬ ከፈትሁላቸው።»

እሳቸው እጃቸውን ወደ ኮቱ ዘረጉ።

«ዓመቱን ሙሉ ደጄ ስትመላለሺ፣ ዛሬ ትነግረኛለች፣ ዛሬ ትነግረኛለች እያልሁ ጠበቅሁሽ። ነይ አሁን። ለብቻዬ ይከብደኛል፤ እሱን ወደ ሞት የሰደድነው ሁለታችን ነን፣ አብረን እናንሳው።»

እሳቸው የግራውን እጅጌ ያዙ፤ እኔ የቀኙን።